ለአንድ ሰው ጠመንጃ የተቀለቡ ድቦች

ባለፈው ሰሞን እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ደጋግሞ ነዘረ። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ነው። ሮማንያ ውስጥ ብራሾቭ በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫነና እያወረደ ይኖራል፤ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው። የላከልኝ ቪዲዮ ነው፣ ከፎቅ ላይ በመስኮት የተቀረጸ። ታች መብራቱ ስር የቆሻሻ ገንዳ አለ። ገንዳው ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ወጥቶ ይጎረጉራል። ሁለት ትንንሾች ደግሞ ከስር ሆነው የወደቀውን ይለቅማሉ። ድብ ከነልጆቿ!

ከቪዲዮው ስር እንዲህ ብሏል፦ «ቲቸር፣ እዚህ አገር ጅቡ ድብ ነው። መንግሥት በስልካችን ‹አካባቢያችሁ ድብ ታይቷል፣ ተጠንቀቁ› የሚል መልእክት ይልክልናል፤ ስልኩ እንደ ሳይረን ነው የሚጮኸው። ቻውሼስኩን አስተምረውናል፣ ይሄን ግን አልነገሩንም።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ልጁ ሳያውቀው ትልቅ ነገር ተናግሯል። የቻውሼስኩ ታሪክና ገንዳው ላይ የወጣችው ድብ ታሪክ አንድ ታሪክ ነው። እውነት ነው፣ አላስተማርኳቸውም። በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ምሥራቅ አውሮፓን በሙሉ አጥፍተህ ጽፈህ ስለምትወጣ ለድብ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ዛሬ እዳዬን ልክፈል። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ሮማንያ የባልካን አገር ነች ወይስ አይደለችም የሚለው ራሱ እዚያ ሰው የሚያጨቃጭቅ ጥያቄ ነው። የዳኑብን ወንዝ ድንበር ካደረጋችሁት ባልካን ውስጥ የምትገባው ዶብሮጃ የምትባለው የባሕር ዳርቻዋ ክፍል ብቻ ናት። በታሪክ ግን ከባልካን አገሮች ጋር ነው የምትመደበው፣ እኔም እንደዚያው ልመድባት። ካርታ ስታዩ አገሪቱን መሃል ለመሃል እንደ ማጭድ ጎብጦ የሚያቋርጥ የተራራ ሰንሰለት ታገኛላችሁ፣ ካርፓቲያ ይባላል። ብራሾቭ የምትገኘው ማጭዱ የሚጎብጥበት ቦታ ላይ ነው። ከከተማው መሃል ተነስታችሁ በእግር ጫካ ትገባላችሁ። ስለዚህ ጫካውም በእግሩ ከተማ ይገባል።

እዚያ ጫካ ውስጥ ምዕራብ አውሮፓ ጨርሶ የረሳቸው አውሬዎች አሁንም አሉ። ከሩሲያ ውጭ በአውሮፓ ትልቁ የቡናማ ድብ ቁጥር ያለው ሮማንያ ውስጥ ነው። ተኩላው በሺዎች ይቆጠራል። ሊንክስ የሚባለው፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር ፀጉር የቆመለት ትልቁ የዱር ድመትም አለ። እነሱ «ጥቁር ፍየል» የሚሉት የገደል ላይ እንስሳም አለ፤ ዋሊያን ያየ ሰው አኗኗሩ አይገርመውም። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ጀርመንን እዩ። በ2006 አንድ ድብ ከጣልያን ተራሮች ተነስቶ ጀርመን ገባ። አገሩ ድብ ካየ 170 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ጋዜጦቹ ብሩኖ የሚል ስም አወጡለት፣ ሕዝቡ ወደደው፣ ሳምንታት ቆይተው ተኩሰው ገደሉት። አንድ ድብ ነው ያስጨነቃቸው። እንግዲህ የሮማንያን ሰው በሩቅ ሆኖ «አውሬ ጠላት ነው» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው።

ደግሞም የሮማንያ ሰው ከአውሬው ጋር ያለው ነገር የዛሬ አይደለም። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ትራያን በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ወግቶ የያዛቸው ዳሲያዎች ለጦርነት ይዘውት የሚወጡት ዓርማ አፉን የከፈተ የተኩላ ራስና የእባብ አካል ያለው ነበር። ሮም ከተማ የቆመው የትራያን ዓምድ ላይ ተቀርጾ ዛሬም ይታያል። የሕዝቡ ስም ራሱ ከተኩላ የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ሞልዳቪያ የሚባለው ሰሜን ምሥራቁ ክፍል አመሠራረቱ የሚተረከው በአደን ነው። ድራጎሽ የሚባል መስፍን ትልቅ የጫካ በሬ እያሳደደ ተራራ ተሻገረ፤ ሞልዳ የምትባል ውሻው አውሬውን ተከትላ ወንዝ ውስጥ ሰጠመች፤ ወንዙም አገሩም በስሟ ተጠራ ይላሉ። አፈ ታሪክ ነው፣ ግን የበሬው ራስ የአገሩ ማኅተም ሆኖ ቀርቷል። በዚያው አካባቢ ዛሬም በገናና በአዲስ ዓመት መሃል ወጣቶች እውነተኛ የድብ ቆዳ ለብሰው በከበሮ እየጨፈሩ ከቤት ቤት ይዞራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ሮማንያ ውስጥ የቀረው ድብ አንድ ሺህ እንደማይሞላ ነው የሚገመተው። ረሃብ ነበር፣ ጠመንጃ በየእጁ ነበር፣ ድብ ደግሞ ሥጋም ቆዳም ነው። ኮሚኒስቱ መንግሥት አደኑን በቁጥጥር ስር አደረገ፣ ቁጥሩም ማገገም ጀመረ። በ1965 ኒኮላይ ቻውሼስኩ ሥልጣን ያዘ። በደርግ ጊዜ ሬዲዮ ያዳመጡ አባቶቻችን ስሙን አይረሱትም።

ቻውሼስኩ የገበሬ ልጅ ነው፣ ልጅ ሆኖ ቡካሬስት ሄዶ ጫማ ሰሪ ጋር የሠለጠነ። አደን የንጉሦችና የመሳፍንት ጨዋታ ነበር። ንጉሦቹ ከተባረሩ በኋላ ጨዋታውን የወረሱት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፦ ቲቶም፣ ብሬዥኔቭም፣ የቡልጋሪያው ዚቭኮቭም አዳኞች ነበሩ። ቻውሼስኩ ግን ከሁሉም ባሰ። ምርጥ ምርጡ ድብ ለእሱ ብቻ የተጠበቀ ሆነ። አንድ የገጠር ሰው ድብ በጉን ቢበላበት እንኳ ድቡን መንካት አደጋ ነበረው።

አደኑ እንዴት እንደነበር ስታነቡ ትስቃላችሁ፣ ከዚያ ትናደዳላችሁ። የጫካ ጠባቂዎች ዓመቱን ሙሉ ድቦቹን ይቀልባሉ። በቆሎ፣ ፍራፍሬ፣ የሞተ ፈረስ ሥጋ የሚቀመጥባቸው የተወሰኑ ቦታዎች አሉ። ድቡ ለምዶ በሰዓቱ እየመጣ ይበላል፣ ይወፍራል። ሰውዬው ሲመጣ በሄሊኮፕተር ይመጣና በእንጨት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ማማ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴም ብዙ ሰው ጫካውን እየጮኸ እየከበበ ድቦቹን ወደ እሱ ይነዳለታል። እሱ መተኮስ ብቻ ነው። በአንድ ቀን 24 ድብ ገድሏል ተብሎ ይነገራል። በሕይወቱ የገደላቸው ድቦች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ቆዳውና የራስ ቅሉ እየተለካ ነጥብ ይሰጠዋል፣ የዓለም ሪከርድ ፍለጋ ነው ነገሩ። የድብ ልጆችን ከጫካ ይዘው ማሳደጊያ ውስጥ አሳድገው መልሰው ጫካ የለቀቁበት ፕሮግራምም ነበር፣ ጌታው የሚተኩሰው እንዳያጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሱ። በ1980ዎቹ ቻውሼስኩ የአገሪቱን የውጭ ዕዳ ካልከፈልኩ ብሎ ሕዝቡን አስራበ። ዳቦ፣ ዘይት፣ ስኳር በራሽን ሆነ፤ የአገሩ ሥጋና እህል ለውጭ ገበያ ተጫነ፤ በዚያ ብርድ ቤት ማሞቂያ ይጠፋ ነበር። እናቶቻችን ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው ስኳርና ሳሙና እንደገዙት ማለት ነው፣ እዚያ ላይ በረዶ ጨምሩበት። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ተራራ፣ ድቡ በቆሎ እየተቀለበ ነበር።

ቁጥሩ ታዲያ ጨመረ። በ1988 በኦፊሴል የተቆጠረው ድብ 8,000 ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። እርግጥ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሪፖርት እንዴት እንደሚጻፍ እኔም እናንተም እናውቃለን። «የእኔ ጫካ ድብ አንሷል» ብሎ ወደ በላይ የሚጽፍ ጠባቂ የትኛው ነው? ቆጠራውም በኮቴ ነበር፤ አንድ ድብ ሦስት ጫካ ውስጥ ካለፈ ሦስት ድብ ይሆናል። ቢሆንም ቁጥሩ በጣም ማደጉን የሚክድ የለም።

ይህን ለተማሪ ብትነግረው ወዲያው እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ ታዲያ አምባገነኑ ለድቡ ጠቀመው ማለት ነው?» ጥያቄው ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ተኩላውን እንጠይቀው። ተኩላ ለሰውዬው ግድግዳ የሚያኮራ አልነበረም፣ ደግሞም ሊያድናቸው የሚፈልጋቸውን አጋዘኖች ይበላበታል። ስለዚህ በዚያው ጫካ ውስጥ፣ በዚያው መንግሥት፣ ተኩላ በመርዝ ይገደል ነበር፣ ለገደለውም ሽልማት ይከፈል ነበር። ዳኑብ ባሕር ከመግባቱ በፊት የሚሠራውን ሰፊ ረግረግ ደግሞ ተመልከቱ። በ1983 የዴልታውን ትልቅ ክፍል አድርቆ እርሻ ለማድረግ ዕቅድ ወጣ፣ በግድብ እየታጠረ መድረቅ ጀመረ። ያ ረግረግ ደግሞ በዓለም ላይ በቀሩ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ለሚኖረው ለአውሮፓው ሚንክ መጠጊያ ነው። ሚንክ ከድመት የምታንስ፣ ቡናማ፣ ውኃ ዳር የምትኖር እንስሳ ነች፤ ዛሬ በዓለም አቀፉ ዝርዝር ላይ ከመጥፋት አንድ እርምጃ የቀራት ተብላ ነው የተመዘገበችው። ድብ እየቀለበ የሚንኳን ውኃ የሚያደርቅን ሰው የተፈጥሮ ወዳጅ አልለውም። የከብት አርቢ ነው፤ ከብቱ ድብ ሆነ እንጂ።

በታኅሣሥ 1989 ቲሚሾአራ ከተማ ላይ የተነሳው ተቃውሞ አገሩን አዳረሰ። ታኅሣሥ 22 በሄሊኮፕተር ሸሸ፤ ለአደን የለመደው ሄሊኮፕተር አላዳነውም። በገና ዕለት ከባለቤቱ ከኤሌና ጋር በጥይት ተደበደበ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለድቡ ከባድ ነበር። ቀለቡ ቀነሰ። የተከለከለው ጠመንጃ ተፈቀደ። ዶላርና ማርክ የያዘ የውጭ አዳኝ ዋጋ ከፍሎ ቻውሼስኩ ይቀመጥበት በነበረው ዓይነት ማማ ላይ መቀመጥ ቻለ። መሬት ለቀድሞ ባለቤቶች ሲመለስ ብዙ ጫካ ተቆረጠ። የዛፍ ሌብነቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ በ2019 እንጨት ሌቦች አንድ የደን ጠባቂ እስከ መግደል ደርሰዋል። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ያሳዘነኝ የታሠሩት ድቦች ነገር ነው። በ1990ዎቹ ምግብ ቤት፣ ሆቴል፣ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ላይ ድብ በጠባብ የብረት ሳጥን አስሮ ደንበኛ መሳብ የተለመደ ሆነ። ማያ የምትባል አንዲት ድብ ነበረች፣ ቱሪስት የሚጎርፍበት ብራን ቤተ መንግሥት አካባቢ የታሠረች። ከጭንቀቷ የተነሳ የራሷን እጅ እየነከሰች ትበላ ነበር። ምግብ የሚያመላልስላት ሰው ቢገኝም አልዳነችም፣ በ2002 ሞተች። በእሷ ሞት የተነሳ በ2005 ከብራሾቭ ብዙ በማይርቀው ዛርኔሽት በጫካ ውስጥ ለታሠሩ ድቦች መጠለያ ተከፈተ። ዛሬ ከመቶ በላይ ድብ እዚያ ይኖራል። ዕድሜ ልኩን ሲሚንቶ ላይ የኖረ ድብ መጀመሪያ ሲለቁት ሣር መርገጥ ይፈራል አሉ።

ሮማንያ በ2007 የአውሮፓ ኅብረት ገባች። በኅብረቱ ሕግ ድብና ሊንክስ ጥብቅ ጥበቃ ያላቸው ናቸው፣ ተኩላውም እስከ 2025 ነበረው፤ እንዲህ ያለውን አውሬ መግደል የሚፈቀደው በልዩ ሁኔታ ነው። ሮማንያ «ልዩ ሁኔታ» የምትለውን በየዓመቱ በመቶዎች እያደረገች ቆየች። ለ2016 ሊፈቀድ የነበረው 552 ድብና 657 ተኩላ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፣ መንግሥት በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለመዝናኛ የሚደረገውን አደን ዘጋው። አውሮፓ አጨበጨበ።

ችግሩ፣ ሕጉ ጠመንጃውን ዘጋ እንጂ የቆሻሻ ገንዳውን አልዘጋም። ድብ ሁሉን በል ነው፤ እንጆሪውንም፣ ጉንዳኑንም፣ በጉንም፣ የተረፈ ፒዛንም። ብራሾቭ ውስጥ ገንዳ የሚበሉ ድቦች ከተለመዱ ቆዩ፤ አንድ ጊዜማ ቱሪስት ማታ ማታ በታክሲ እየሄደ ይጎበኛቸው ነበር። እናት ድብ ገንዳ ካሳየቻቸው ልጆቿ ሲያድጉ ሌላ ትምህርት ቤት አይፈልጉም። ቻውሼስኩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በወታደር ጉልበት ያሠራው ትራንስፋጋራሻን የሚባል የተራራ መንገድ አለ፣ ሶቪየቶች ቼኮዝሎቫኪያን በወረሩ ማግስት ለጦር ማለፊያ የታሰበ። ዛሬ ጦሩ ቀርቶ የቱሪስት መኪና ነው የሚሰለፍበት፤ ድቦቹም መንገድ ዳር ተቀምጠው ብስኩት ይጠብቃሉ። በሐምሌ 2025 አንድ ጣልያናዊ ባለ ሞተር ብስክሌት እዚያ መንገድ ላይ በድብ ተገደለ። ድቦቹን ቀርቦ ፎቶ ሲያነሳ ነበር። ማማው የለም፣ ሰውዬውም የለም፣ በእጅ መቀለቡ ግን ቀጥሏል።

በሐምሌ 2024 ደግሞ አንዲት የ19 ዓመት ወጣት ቡቼጅ ተራራ ላይ በእግር ስትጓዝ ድብ ገደላት። ምክር ቤቱ ከዕረፍት ተጠርቶ ተሰበሰበና በዓመት የሚገደለውን ድብ ከ220 ወደ 481 ከፍ አደረገው። ሚኒስቴሩ በሃያ ዓመት ውስጥ 26 ሰው በድብ ተገድሏል፣ ከ270 በላይ ክፉኛ ቆስሏል ብሏል። ይህን ቁጥር ዝም ብዬ አላልፈውም። ከቡካሬስትም ከብራስልስም ሆኖ «ድቡን አትንኩ» ማለት ቀላል ነው፤ ልጁን በጠዋት ጫካ ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ተፈጥሮ ወዳዶቹ በበኩላቸው የሚሉት ውሸት አይደለም፦ ተራራ ውስጥ ያለውን ትልቁን ወንድ ድብ ዋጋ አስከፍሎ ማስገደል ከተማ ገብታ ገንዳ የምትገለብጠዋን አይነካትም። ባይሌ ቱሽናድ የምትባል ትንሽ ከተማ ድብ የማይከፍተው ገንዳና የኤሌክትሪክ አጥር አስገብታ፣ ጓሮ ውስጥ ወድቆ የሚቀረውን ፍራፍሬ አስለቅማ፣ የድቡን መምጣት በጣም ቀንሳዋለች። እኔ ለእነሱ አደላለሁ።

ደግሞ ስንት ድብ እንዳለ እንኳ ለረጅም ጊዜ አልተስማሙም ነበር። ኮቴ መቁጠሩን ትተው ከጫካ ፀጉርና እበት ሰብስበው በዘረመል መረመሩት። በ2025 የወጣው ውጤት ከ10,419 እስከ 12,770 ድብ አለ የሚል ነው። ጫካው ይችላል ተብሎ ይነገር የነበረው 4,000 ነው። ስለዚህ በዓለም ዝርዝር ላይ ቡናማ ድብ «አያሳስብም» በሚለው ተርታ ቢቀመጥ ሊገርመን አይገባም። የድቡ ችግር ማነስ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቢቨር የሚባለው ግድብ የሚሠራ እንስሳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቶ በ1998 ከውጭ መጥቶ ወንዝ ላይ ተለቀቀ፣ ተባዝቷል። ያ የድራጎሽ የጫካ በሬ ትዝ ይላችኋል? ባይሰን ነው ይላሉ። ሮማንያ ውስጥ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በአውሮፓ ሁሉ ከ1927 በኋላ በዱር የቀረ አንድም አልነበረም። በየአጥሩ ከተረፉት 54 ገደማ ባይሰኖች፣ የዛሬዎቹ ሁሉ የተወለዱት ደግሞ ከ12ቱ ብቻ ነው። በ2014 በደቡብ ምዕራብ ካርፓቲያ አርሜኒሽ በምትባል መንደር 17 ባይሰን አምጥተው ለቀቁ፣ ዛሬ እዚያ ተራራ ላይ ከመቶ በላይ ሆነዋል። ዴልታውም ከአብዮቱ በኋላ የተጠበቀ ክልል ሆነ፤ በ1994 ባቢና የምትባለውን የደረቀች ደሴት ግድቧን ቀደው ውኃ መለሱባት። የሚንኳ ነገር ግን አሁንም ያሳስባል።

ይህን ሁሉ ለልጁ በድምፅ ላኩለት፣ ከጽሑፉ አጠር አድርጌ። ማታ አራት ሰዓት ከሥራ ወጥቶ በዚያ ገንዳ አጠገብ ነው ወደ ክፍሉ የሚገባው። እናቱ ስለ ድቡ አታውቅም፣ እኔም ሰፈር ስንገናኝ አልነገርኳትም። ማለት የቻልኩትን አልኩት፦ ካየሃት አትሩጥ፣ በእሷና በልጆቿ መሃል አትግባ፣ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ቁራሽ ነገር እንኳ እንዳትወረውርላት፣ ቪዲዮውም ይቅርብኝ።

ትናንት መለሰልኝ። ሕንፃው አስተዳደር ገንዳውን በብረት ክዳንና በመቆለፊያ ቀይሮታል። «ቲቸር፣ ማታ መጣች» ይላል። «ገፋች፣ ቧጠጠች፣ አልከፈት አላት። ሃያ ደቂቃ ያህል ፊቱ ቁጭ አለች። ከዚያ ልጆቿን አስከትላ ወደሚቀጥለው ብሎክ ሄደች።»